ምድጃ ዳር የቆመው የሐር ነጋዴ

በኢጣሊያ የቤት ምግብ ሲነሣ ስሙ ሳይጠራ የማይቀረው ፔሌግሪኖ አርቱዚ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ፎርሊምፖፖሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ከባለጸጋ ነጋዴ ቤት ተወለደ። በ1851 ዓ.ም. ሽፍቶች ከተማዪቱን ወርረው ቤታቸውን በዘረፉ ጊዜ እኅቱ ጌርትሩዴ ከድንጋጤው የተነሣ አእምሮዋን ሳተች። ቤተሰቡም አገሩን ለቆ ወደ ፍሎሬንስ ፈለሰ። አርቱዚ በዚያ በሐር ንግድ ከበረ፤ ሚስት ግን አላገባም።

ከንግድ ካረፈ በኋላ ጊዜውን የሰጠው ለጓዳ ነበር። ወንድ ልጅ ምድጃ ዳር ሲቆም ምን እንደሚባል አንባቢ አያጣውም። እርሱ ግን ከወጥ ቤቱ ከፍራንቼስኮ ሩፊሊና ከቤት አስተዳዳሪዋ ከማሪዬታ ሳባቲኒ ጋራ እያንዳንዱን ምግብ እያሠራና እየቀመሰ፣ ለቤተሰብና ለወዳጅ በገበታ የሚቀርበውን ጻፈ። አሳታሚ ስላጣ በ1891 ዓ.ም. በገዛ ገንዘቡ አንድ ሺህ ቅጂ አሳተመ። ሁለቱን ለትውልድ ከተማው የበጎ አድራጎት ሎተሪ ቢሰጥ፣ የደረሳቸው ሰዎች ተሣልቀውበት ለትምባሆ ሻጭ ሸጡት!

እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ኢጣሊያ አንድ መንግሥት ከሆነች ገና 30 ዓመቷ ነበርና የአንዱ አውራጃ ገበታ ለሌላው እንግዳ ነበር። የቤት እመቤቶች ከየስፍራው የየቤታቸውን አሠራር ይጽፉለት ጀመር፤ እርሱም እየሞከረ ይጨምር ነበር። በመጀመሪያው እትም 475 የነበረው የምግብ አሠራር በመጨረሻ 790 ደረሰ። የማሪዬታንም ፓኔቶኔ የተባለውን ጣፋጭ ዳቦ በስሟ ጠርቶ በመጽሐፉ አገባው።

በ1911 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ሲሞት የመጽሐፉን መብት ለፍራንቼስኮና ለማሪዬታ ተናዘዘላቸው።