የቤተሰብን ሕመም መዝግበው የኩላሊት በሽታን ምንጭ ያመላከቱት ዶክተር አልፖርት

ወጣቶችን ለኩላሊት መድከም ከሚዳርጉና በዘር ከሚተላለፉ፣ እምብዛም ከማይከሰቱ በሽታዎች አንዱ የአልፖርት ሕመም በመባል ይታወቃል። ስያሜውን ያገኘው ከዶክተር አርተር ሴሲል አልፖርት ነው።

ዶክተር አልፖርት እ.ኤ.አ በ1880 በደቡብ አፍሪካ ተወለዱ። በስኮትላንድ ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1905 ተመረቁ። ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ከሠሩ በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሐኪምነት ዘምተው በተለይ በወባ ሕክምና ልምድ አካብተዋል። በ1922 በለንደን ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ።

በዚያም አባላቱ ደም የተቀላቀለበት ሽንት የሚታይባቸውን አንድ ቤተሰብ ተከታተሉ። ቤተሰቡን ከእርሳቸው በፊት ሌሎች ሐኪሞች መርምረውት ነበር። ዶክተር አልፖርት ግን የኩላሊቱ ሕመም ከመስማት ችግር ጋር ተያይዞ እንደሚመጣ፣ ወንዶቹ በለጋ ዕድሜ ሲሞቱ ሴቶቹ በአብዛኛው ዕድሜ እንደሚያገኙ አስተውለው በ1927 የጥናት ውጤታቸውን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

በ1937 ወደ ካይሮ ተጉዘው የሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በድሃ ሕሙማን ላይ የሚፈጸመውን ቸልተኝነትና ብልሹ አሠራር በመቃወም ለመታገል ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም፤ ሥራቸውንም ለቀቁ። የተመለከቱትን በ1946 በመጽሐፍ ይፋ አደረጉ። በ1959 በ79 ዓመታቸው በለንደን አረፉ።

በሽታው በስማቸው የተሰየመው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። በ1990 ደግሞ ተመራማሪዎች ለሕመሙ መንስኤ የሆነውን ዋነኛ ዘረ መል ለይተው አወቁ። ጉድለቱ የኩላሊትን ማጣሪያና የውስጥ ጆሮን የሚያጠነክረውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የሚያዳክም ነው። ዘረ መሉ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ ወንዶችን አብዝቶ ይጎዳል፤ ሆኖም ሴቶችም ከጉዳቱ ነፃ አይደሉም።

ዛሬ በሽታው በጊዜ ከታወቀ የኩላሊትን መድከም በዓመታት የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ደግሞ እጥበትና ንቅለ ተከላ ሕይወትን ያቆያሉ። ይሁንና ሕሙማኑን ቀድሞ ለማግኘት የመጀመሪያው እርምጃ ዛሬም ዶክተር አልፖርት የተከተሉት ነው፤ ሽንትን መመርመር፣ የመስማት ችሎታን መፈተሽ፣ የቤተሰብንም የሕመም ታሪክ ጠይቆ በጥንቃቄ መመዝገብ።