የብረት ቀጥቃጩ ልጅ እና ገርጂ የቆመችው ሞተር

ባለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜና እሁዴን የበላችብኝ አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ናት። ገርጂ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሆንዳ ሱፐር ከብ ሲ 70 እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታትቼ ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን ላደርጋት እየታገልኩ ነው። እንጀራዬ ከሒሳብ መዝገብና ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራው ለእኔ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ሆኖብኛል። ጎረቤቶቼ ለእሷ ባፈሰስኩት ገንዘብ አዲስ መግዛት እንደምችል ደጋግመው ይመክሩኛል። ስሌታቸው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሞተሯ የአባቴ ናት፤ እሱ ካረፈ በኋላ ለዓመታት በሸራ ተሸፍና ቆማለች።

አንድን ማሽን ፈታትቶ የሚያይ ሰው ሳይወድ በግድ የሠሪውን ጠባይ ያጠናል። የትኛው ብሎን በቀላሉ እንደሚገኝ፣ የትኛው ክፍል በአንድ መፍቻ ብቻ እንደሚወርድ ሲያይ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ስለ እሱ ያሰበ ሰው እንደነበረ ይገባዋል። እኔም ይህ ሰው ማን ነበር ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሱ፣ ስለ ሶይቺሮ ሆንዳ ነው። (የጃፓንና የሌላው ዓለም ታሪክ ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንደሩ ልጅ

ሶይቺሮ የተወለደው ኅዳር 17 ቀን 1906 በሺዙኦካ ግዛት፣ ዛሬ የሃማማትሱ ከተማ አካል በሆነችው በኮምዮ መንደር ነው። አባቱ ጊሄይ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን ኋላ ላይ ብስክሌት ይጠግን ነበር። እናቱ ሚካ ሸማኔ ነበረች። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ነገሩን ወደ አገራችን ያምጣው። ቀጥቃጭና ሸማኔ ተጋብተው የወለዱት ልጅ በእኛ አገር በዚያው ዘመን ምን ይባል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም ነው፤ ሆንዳ በተወለደ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ማለት ነው። አዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ ከአፋችን ለመውጣት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

ልጁ በትምህርት ጎበዝ አልነበረም። ውጤቱን ወላጆቹ አይተው የቤተሰቡን ማኅተም እንዲያትሙበት ሲጠየቅ፣ ከብስክሌት ፔዳል ጎማ ቀርጾ የራሱን ማኅተም ሠራ። ለጓደኞቹም ሲሠራላቸው ተያዘ። የእሱ ስም በጃፓንኛ ሲጻፍ ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት በመሆኑ ተገልብጦ መቀረጹ አላስታወቀም ነበር፤ የሌሎቹ ስም ግን ተገልብጦ ታተመና አጋለጠው። በ1917 አርት ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ ሃማማትሱ ላይ ትርኢት ሲያሳይ፣ የአባቱን ብስክሌት ሰርቆ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። የመግቢያ ገንዘብ ስላልበቃው ዛፍ ላይ ወጥቶ አየ።

ከእሳት የተረፉ መኪኖች

በ1922 በአሥራ አምስት ዓመቱ ቶኪዮ ወደሚገኘው አርት ሾካይ የተባለ ጋራዥ በተለማማጅነት ገባ። መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የጋራዡን ባለቤት ሕፃን ማዘል ነበር። ለወራት መፍቻ ሳይጨብጥ፣ ልጁን በጀርባው አዝሎ ከዳር ሆኖ የሌሎቹን እጅ ሲያይ ከረመ። የእኛም አገር የጋራዥ ልጆች ይህችን መንገድ ያውቋታል። ሻይ ማምጣት፣ ብሎን በጋዝ ማጠብ፣ ከዚያ በኋላ ነው ካንዴላ መፍታት የሚፈቀደው።

መስከረም 1 ቀን 1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን አነደዳት። ነዳጅና መኪና የሞላበት ጋራዥ እሳት ሲቃረበው ሠራተኞቹ የደንበኞችን መኪኖች እየነዱ አወጡ። ሶይቺሮም መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የነዳው በዚያች ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ እኔን በጣም የሳበኝ ክፍል ነው። ጋራዡ በእሳት የተለበለቡ መኪኖችን እየሰበሰበ፣ የተጣመመውን እያቃና፣ የተቃጠሉ የእንጨት የጎማ ራጂዎችን እንደ አዲስ እየሠራ መልሶ ለሽያጭ ያቀርብ ጀመር። ሰውየው ሙያውን የተማረው ሌላው ሰው አበቃላቸው ብሎ የተዋቸውን መኪኖች በማንሳት ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው የእሳት አደጋ መኪና እንዲጠግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞሪኦካ ከተማ ተላከ። የጠበቁት ሰዎች ትልቅ ሰው እንጂ ልጅ ይመጣል ብለው አልገመቱም ነበርና ቅር አላቸው፤ ማደሪያም ዝቅ ያለ ክፍል ሰጡት። ፈታትቶ ገጥሞ ሞተሩ ሲነሳና ውኃው ሲረጭ፣ ያን ማታ የቤቱ ምርጥ ክፍል ተሰጠው። በ1924 ደግሞ ከጌታው ከዩዞ ሳካኪባራ ጋር ከኩርቲስ አውሮፕላን ሞተር የተሠራች የውድድር መኪና አዘጋጅተው ውድድር አሸነፉ። ሶይቺሮ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ መካኒክ ነበር። በ1928 ጌታው መርቆ ለቀቀውና ሃማማትሱ ላይ የጋራዡን ቅርንጫፍ ከፈተ።

ከሃምሳ ሦስት

ገንዘብ መጣ። እሱ ግን የሌላውን ሥራ መጠገን ሰለቸው፤ የራሱን ነገር መሥራት ፈለገ፤ የመረጠውም የፒስተን ሪንግ ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ ሪንግ ማለት ፒስተኑን ከቦ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያጣብቀው ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ላላ ካለ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ጉልበቱ ይሞታል። የእኔም ሞተር የመጀመሪያ ሕመሟ ይኸው ነበር። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቦርሼ፣ ለአዲሱ ልክ የሚሆን ፒስተንና ሪንግ ሶማሌ ተራ ስፈልግ ሦስት ቅዳሜ ሄዷል።

ሆንዳ ሪንግ ለመሥራት ሌት ተቀን ቢለፋም የሚወጣው ብረት ይሰበር ነበር። ለምን እንደሚሰበር የሚያውቅበት ዕውቀት አልነበረውም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት የደፈነ፣ ሚስት ያለው፣ የጋራዥ ባለቤት የሆነ ሰው ሃማማትሱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ከወጣቶች ጋር ተቀመጠ። ችግሩ የብረቱ ቅይጥ ላይ፣ በተለይም የሲሊኮን እጥረት ላይ መሆኑን እዚያ ተረዳ። ለቶዮታ ካቀረባቸው ሃምሳ ናሙናዎች ያለፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። አልተወውም፤ ፋብሪካዎችን እየዞረ ተማረና በመጨረሻ ደረጃውን አሟላ። ትምህርት ቤቱ ግን ፈተና አልወስድም በማለቱ ዲፕሎማ ከለከለው። ሆንዳ በዚህ አላዘነም፤ የሚፈልገውን ይዞ ወጥቷልና። ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ካንዴላ ለመቀየር መካኒክ ለምንጠራ ለእኛ ይህ ትንሽ ይጎረብጣል።

የእጁን ሥራ ጦርነትና ተፈጥሮ ተባብረው ወሰዱበት። አንዱን ፋብሪካ የአሜሪካ ቦምብ መታው፤ ሌላውን በጥር 1945 የሚካዋ የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው። የተረፈውን ለቶዮታ በ450,000 የን ሸጠ። ከዚያም አንድ ዓመት ያህል ምንም ሳይሠራ ተቀመጠ፤ አንድ በርሜል አልኮል ገዝቶ ከወዳጆቹ ጋር ሲጠጣ ከረመ ይባላል።

የጀነሬተር ሞተር በብስክሌት ላይ

በጥቅምት 1946 በትንሽ መጠለያ ውስጥ ከአሥራ ሁለት ያህል ሠራተኞች ጋር ሥራ ጀመረ። ጃፓን ተርባ ነበር። ባቡሩ በሰው ተጨናንቋል፤ ነዳጅ የለም። ሆንዳ ለጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ ጀነሬተር ተብለው ተሠርተው የተጣሉ ትናንሽ ሞተሮችን አገኘ። ሞተሩን ብስክሌት ላይ ገጠመው፤ የመጀመሪያው የነዳጅ ታንክ የሙቅ ውኃ መያዣ ነበር። በአደባባይ እየነዳች የሞከረችው ሚስቱ ሳቺ ናት። አምስት መቶ ያህሉ ሞተሮች ሲያልቁ የራሱን ሞተር መሥራት ግድ ሆነበት። ሆንዳ ሞተር ኩባንያ በመስከረም 1948 ተመሠረተ።

በ1949 ታኬዎ ፉጂሳዋ የተባለ ሰው ተቀላቀለው። ሆንዳ ማሽኑን፣ ፉጂሳዋ ገንዘቡንና ሽያጩን ያዙ። አንዱ በሌላው ሥራ ጣልቃ ላለመግባት ተስማሙ፤ ይህ ስምምነት ሃያ አራት ዓመት ዘለቀ። በሽርክና የተጀመረ ንግድ በሁለተኛው ዓመት ፍርድ ቤት ሲደርስ ለለመድን ለእኛ ይህ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል።

ሱፐር ከብ በነሐሴ 1958 ወጣች። ዋጋዋ 55,000 የን፣ ሞተሯ 50 ሲሲ ባለ አራት ምት፣ ጉልበቷ 4.5 የፈረስ ጉልበት ነበር። ሆንዳ የምግብ አመላላሽ ልጅ በአንድ እጁ ትሪ ተሸክሞ በሌላው እጁ እንዲነዳት ስለፈለገ የእጅ ፍሪሲዮን የላትም፤ ማርሽ የሚቀየረው በእግር ብቻ ነው። ቀሚስ የለበሰች ሴት በቀላሉ እንድትወጣ መሐሏ ዝቅ ያለ ነው። ጭቃ እንዳይረጭ የእግር መከለያዋ ከፕላስቲክ ተሠራ። የእኔን ስፈታ ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ታየኝ። እስከ 2017 ድረስ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የዚህች ሞተር ዝርያዎች ተመርተዋል። ዛሬ በቦሌ መንገድ ምግብ ይዘው ከሕንፃ ሕንፃ የሚሮጡ ልጆች የሚነዱት ሌላ ዓይነት ሞተር ቢሆንም፣ ሐሳቡ የዚያች ሞተር ነው።

በ1959 በታዋቂው የማን ደሴት ውድድር ተሳተፈ፤ በ1961 በ125ና በ250 ሲሲ አንደኛ ወጣ። በነሐሴ 1964 ወደ ፎርሙላ አንድ ገባ። በሁለት ወር ልዩነት የእኛ አበበ ቢቂላ እዚያው ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት 12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ አጠለቀ።

ቁጡው አለቃ

ጻድቅ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ሆንዳ ቁጡ ነበር፤ ሥራ የተበላሸ ሲመስለው በያዘው መፍቻ ይማታ ነበር። ግትርነቱም ዋጋ አስከፍሏል። ሞተር መቀዝቀዝ ያለበት በአየር ነው የሚል እምነት ነበረው። በሐምሌ 1968 ሩዋን ላይ በአየር የምትቀዘቅዘው የሆንዳ የውድድር መኪና ተጋጭታ ስትቃጠል ፈረንሳዊው ጆ ሽሌሰር ሞተ። በአየር የቀዘቀዘችው የቤት መኪናውም ገበያ አልቀናትም። ወጣት መሐንዲሶቹ ውኃ እንደሚሻል ቢነግሩት አልሰማም። በመጨረሻ ወደ ፉጂሳዋ ሄዱ። ፉጂሳዋም ወዳጁን የኩባንያ ፕሬዚዳንት መሆን ይሻለው እንደሆነ ወይስ መሐንዲስ፣ እንዲመርጥ ጠየቀው። ሆንዳ ፕሬዚዳንትነቱን መረጠ፤ በውኃም እንዲሠሩ ፈቀደ። ከዚያ ፈቃድ የወጣው ሲቪሲሲ የተባለው ሞተር የአሜሪካን ጥብቅ የጭስ ሕግ ያሟላና ኩባንያውን ትልቅ መኪና ሠሪ ያደረገ ነው።

ልጆቹ በለጡት ማለት ነው። በ1973 ከፉጂሳዋ ጋር አብረው ሥልጣን ለቀቁ። ኩባንያውን ለልጁ አላወረሰም። ከዚያ በኋላ በመላ ጃፓን ያሉትን የሆንዳ መሥሪያ ቤቶች እየዞረ ሠራተኞቹን በእጁ እየጨበጠ አመሰገነ። አንድ ሠራተኛ እጁ በዘይት ስለቆሸሸ አፍሮ ወደ ኋላ ሲል፣ ያንኑ የቆሸሸ እጅ ይዞ በደስታ ጨበጠው ይባላል። የራሱ ግራ እጅ በመዶሻና በስለት የተጎዳ፣ ጠባሳ የሞላበት ነበር። አልደበቀውም።

ይህ ጠባሳ በሞተሬ ላይ አንድ ውሳኔ እንድወስን ረድቶኛል። ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት አራግፌ፣ ስቱኮ መትቼ፣ ከሰሌዳው ሥር ተደብቆ የቀረውን የመጀመሪያ ሰማያዊ ቀለም ናሙና አድርጌ አስቀብቻታለሁ። ቸርኬዋ ያበራል፤ ራጂዎቿ አዲስ ናቸው። ሙሉ በሙሉ አዲስ ትምሰል ከተባለ ግን የአባቴ ጫማ ለዓመታት የሞረደው የማርሽ መርገጫም መለወጥ ነበረበት። እሱን ትቼዋለሁ። መርገጫው ላይ ያለው የጫማው ልክ በየትኛውም መለዋወጫ መደብር አይገኝም።

ትነዳታለህ ወይ የሚሉኝ አሉ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ሞተር ብስክሌትን ያለ ልዩ ፈቃድ ከከለከለች ወዲህ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ሆኗል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ በኋላ የካርቡሬተር ዘመን እየመሸ ነው። ይምሽ፤ ሆንዳ ራሱ ዛሬ ቢኖር ባትሪውን ፈታትቶ ያይ ነበር ብዬ አስባለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሲሊንደሬን ያስተካከለልኝ የቶርኖ ባለሙያ ልጁ ይህን ሙያ እንዳይማር አጥብቆ ይጸልያል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሶይቺሮ ሆንዳ ነሐሴ 5 ቀን 1991 በ84 ዓመቱ በጉበት ሕመም አረፈ። ትልቅ የኩባንያ ቀብር እንዳይደረግለት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ምክንያቱም መኪና ሠርቶ የኖረ ሰው ሞቶ መንገድ መዝጋት የለበትም የሚል ነው።