ጊታር መጫወት የማያውቀው ጊታር ሠሪ
የሊዮ ፌንደር የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ከወላጆችና ከቀድሞ ተማሪዎች በተዋጣ ገንዘብ አንድ ቤዝ ጊታር ገዝቶ ነበር። ቀለሙ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ዋጋውም እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ ሁላችንም ደስ አለን። ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላው አንገቱ ጐበጠ፤ መቃኛዎቹም ላሉ፤ በወላጆች በዓል ቀን መዝሙሩ ከመጋመሱ በፊት ከቅኝት ወጥቶ በሕዝብ ፊት አሳፈረን። ዘንድሮ ክበቡ እንደገና ጥቂት ገንዘብ ስላገኘ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ርካሽ ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነውና ገንዘቡ እስኪበዛ ድረስ እንታገሥ አልን፤ ሌሎቹ ደግሞ ድምፅ እስካለው ድረስ የተገኘው ይገዛ አሉ። እኔ ከታገሡት ወገን ነበርሁ። ክርክሩን አሸንፍ ብዬ የዚህን መሣሪያ ሠሪ ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ፤ ያገኘሁት ግን ከጠበቅሁት የተለየ ሆነ። ከዚህ በታች የሚነበቡት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር፣ በአጭሩ ሊዮ የተባለው፣ በኦገስት 10 ቀን 1909 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ክፍል ተወለደ። ወላጆቹ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች መካከል ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በግራ ዐይኑ ላይ ዕጢ ወጣበትና ሐኪሞች ዐይኑን አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ በመስተዋት ዐይን ኖረ።

የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በሆነ ጊዜ፣ የአውቶሞቢል ኤሌትሪክ የሚጠግን አጐቱ የተጣሉ የሬዲዮ ክፍሎችና አንድ ባትሪ በሣጥን አድርጐ ላከለት። በማግሥቱ ዓመት ሊዮ የአጐቱን ሱቅ ሊያይ ሄደ፤ በዚያም አጐቱ ከትርፍራፊ ዕቃ ሠርቶ በደጅ ያቆመውን ሬዲዮ ሰማ። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ብርቱ ሙዚቃ ከልቡ አልጠፋም። ቤቱ ተመልሶ የጐረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ መጠገን ጀመረ። ሆኖም በትምህርት ቤት የተማረው ኤሌትሪክ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ኮሌጅ ሲገባ ያጠናው የሒሳብ አያያዝ ነው። የኤሌትሪክን ነገር ግን እየፈታና እየገጠመ ራሱን በራሱ አስተማረ።

ከዚያ በኋላ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ፤ በ1934 ዓ.ም. አስቴር የተባለችውን ሚስቱን አገባ። ነገር ግን ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ስለ ነበረ ከሥራው ተሰናበተ። ስለዚህ በ1938 ዓ.ም. 600 ዶላር ተበድሮ በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሥራ አጥቶ መበደር ለብዙ ሰው የጥፋት መጀመሪያ ነው፤ ለእርሱ ግን የሙዚቃ ሰዎችን በደጁ ያመጣለት ይህ ሱቅ ነው። በየዳንስ ቤቱ የሚጫወቱት ሰዎች የተበላሸ ማጉያቸውንና ጊታራቸውን ተሸክመው እየመጡ ያስጠግኑ ነበር። የሚጠግን ሰው፣ ዕቃ በየት በኩል እንደሚሰበርና ባለቤቱ ስለ ምን እንደሚያማርር ከሁሉ ይልቅ ያውቃል።

በ1945 ዓ.ም. ዶክ ካውፍማን ከሚባል ሰው ጋራ ሆኖ በጭን ላይ አስተኝተው የሚጫወቱትን የኤሌትሪክ ጊታርና ማጉያውን መሥራት ጀመረ። ካውፍማን ግን ዕዳ አስፈርቶት በ1946 ዓ.ም. ተለየው፤ ፌንደር ብቻውን በስሙ ኩባንያ አቋቁሞ ቀጠለ። በእነዚያ የችግር ዓመታት አስቴር በስልክ ኩባንያ ተቀጥራ የምታገኘው ደመወዝ ቤቱን ይደግፍ ነበር። ስለ ፌንደር ሲነገር እርስዋ የምትጠቀሰው ጥቂት ጊዜ ነውና ይህ እንዲታወቅላት እወዳለሁ።

በ1950 ዓ.ም. ውስጡ ባዶ ያልሆነ፣ ከደልዳላ እንጨት የተቈረጠ ጊታር አወጣ፤ ይኸውም ኋላ ቴሌካስተር የተባለው ነው። የዚያን ጊዜ የታወቁ ጊታሮች አንገታቸው ከገላቸው ጋራ በሙጫ የተጣበቀ ነበር፤ እርሱ ግን አንገቱን በአራት ብሎኖች አሰረው። አንገቱ ቢጐብጥ ወይም ቢያልቅ ብሎኖቹ ተፈትተው ሌላ አንገት ይገባለታል ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው የጀልባ መቅዘፊያ ይመስላል ብለው አፌዙበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በዚያ ዘመን ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ደብል ቤዝ የሚባለው፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ቆመው የሚጫወቱት መሣሪያ ነበር። በእኛ አገር የበገና ድምፅ በዝግታ ከሥር እንደሚመጣ፣ እርሱም በሙዚቃው ሥር ሆኖ ሌላውን ሁሉ ይሸከማል። ነገር ግን ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛ፣ በአውቶሞቢል ውስጥ ስለማይገባ ተጫዋቹ ከጣራ ላይ ያስረው ነበር። ሁለተኛ፣ ከበሮውና የኤሌትሪክ ጊታሩ ሲበረቱ የእርሱ ድምፅ አይሰማም። በዚህም ላይ አንገቱ ልሙጥ ስለ ሆነ ጣቱን በትክክለኛው ስፍራ ለማሳረፍ ብዙ ዓመት ያልተለማመደ ሰው ከቅኝት ይወጣል።

ፌንደር ይህን ችግር ከተጫዋቾች አፍ ሰምቶ በ1951 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን አወጣ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው እርሱ አይደለም፤ በሲያትል ከተማ ፖል ቱትማርክ የሚባል ሰው በ1930ዎቹ ዓመታት ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ገዢ ስላላገኘ ተረሳ። የፌንደር መሣሪያ እንደ ጊታር በትከሻ የሚንጠለጠል፣ አራት ክሮች ያሉት ነው። ክሮቹ የሚቃኙት እንደ ደብል ቤዝ ነውና ያንን የሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም። በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ 20 ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተሰክተዋል፤ ጣት ከፍሬቱ ኋላ ከተጫነ ድምፁ በትክክል ይወጣል። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፤ ፕሪሲዥን ማለት ልክነት ማለት ነውና። የሚነዝረው ክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬም አብዛኞቹ የቤዝ ጊታሮች የሚሠሩት በዚሁ ልክ ነው። ከክሮቹ ሥር ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። የብረት ክር በማግኔቱ አጠገብ ሲነዝር በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌትሪክ ይፈጠራል፤ ማጉያው ያንን ኤሌትሪክ ያጐለብተዋል። ይህን በፊዚክስ ክፍል ተምረነዋል፤ እኔ ግን ጥቅሙ የገባኝ አሁን ነው።

እንግዲህ ልብ አድርጉ። ፌንደር ወጪ የቀነሰው በምን ላይ ነው? በጌጥ ላይ፣ በተቀረጸ እንጨት ላይ፣ ብዙ ቀን በሚፈጅ የእጅ ሥራ ላይ ነው። በአንገቱ ቀጥነት፣ በፍሬቶቹ አቀማመጥና በድምፁ ላይ ግን አልቀነሰም። የሒሳብ ሠራተኛነቱና የጠጋኝነቱ ልማድ በአንድነት የሚታዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1952 ዓ.ም. ለዚሁ መሣሪያ የሚሆን ቤዝማን የተባለ ማጉያ ጨመረ፤ ወፍራም ድምፅ በትንሽ የጊታር ማጉያ ሲጮኽ ድምፅ ማጉያውን ሊቀደው ይችላልና። በመጀመሪያ የቤዝ ጊታርን የናቁ ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በላይነል ሃምፕተን የጃዝ ቡድን ውስጥ መንክ ሞንትጎመሪ ይዞት በየአገሩ ሲዞር ሕዝቡ ለመደው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዲትሮይት ከተማ ጄምስ ጄመርሰን የሞታውን ኩባንያን ዘፈኖች በዚሁ በፕሪሲዥን ቤዝ ተጫወተ። ፌንደርም ሥራውን ማሻሻል አልተወም፤ በ1957 ዓ.ም. ማግኔቱን ለሁለት ከፍሎ ጕርምርምታውን አጠፋ፤ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አንገቱ የቀጠነ ጃዝ ቤዝ አወጣ።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ይህ ሰው ጊታር መጫወት ቀርቶ መቃኘትም አያውቅም ነበር። በልጅነቱ ፒያኖና ሳክስፎን ጥቂት ሞክሮአል እንጂ ጊታር አልተማረም። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ በሠራ ቍጥር ለሚጫወቱ ሰዎች ይሰጥና ቁጭ ብሎ የሚሉትን ያዳምጥ ነበር። እኔ የሚያውቅ ሰው ብቻ ይሠራል ብዬ አስብ ስለ ነበረ ይህን ሳነብ ቆም አልሁ።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፌንደርን አንድ ብርቱ ሕመም ያዘው፤ ለብዙ ዓመታትም አልለቀቀውም። ሞቴ ቀርቦአል ብሎ ስላሰበ በጃንዋሪ 1965 ዓ.ም. ኩባንያውን ሲ.ቢ.ኤስ. ለሚባለው የብሮድካስት ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከተሸጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሌላ ሐኪም በከባድ መድኃኒት ፈጽሞ አዳነው። ጤናው ተመለሰ፤ ስሙ የተጻፈበት ፋብሪካ ግን የሌላ ሰው ሆነ። በ1970ዎቹ ከዚያ ፋብሪካ የወጡት መሣሪያዎች እንደ ቀድሞዎቹ አይደሉም ብለው ብዙ ተጫዋቾች አማረሩ፤ አንገቱን የያዙት አራቱ ብሎኖች እንኳ በአንዳንዶቹ ላይ ሦስት ሆኑ። ስም ብቻውን ዋስ አለመሆኑን ለክበባችን ጓደኞች ያነበብሁላቸው ከዚህ ክፍል ነው። በ1985 ዓ.ም. የኩባንያው ሹማምንት ራሳቸው መልሰው ገዙት። ከዚያ በፊት በ1982 ዓ.ም. ስኳየር በሚባል ስም በዋጋ ያነሱ መሣሪያዎች በጃፓን መሠራት ጀምረው ነበር፤ ዛሬ በየአገሩ ብዙ ጀማሪዎች የሚይዙት ስኳየር ነው።

ፌንደር ግን ከዳነ በኋላ አላረፈም። ሚዩዚክ ማን በተባለው ኩባንያ በ1976 ዓ.ም. በባትሪ የሚረዳ ስቲንግሬይ የተባለ ቤዝ አወጣ። አስቴር በ1979 ዓ.ም. ሞተችበት፤ በዓመቱ ሌላ ሚስት አገባ። በዚሁ ጊዜ ከቀድሞ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋራ ጂ ኤንድ ኤል የሚባል አዲስ ፋብሪካ ከፈተ። በመጨረሻ የፓርኪንሰን በሽታ ቢያስጨንቀውም ሥራውን አልተወም። በማርች 21 ቀን 1991 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ በፉለርተን ዐረፈ።

ይህን ለክበቡ ከነገርሁ በኋላ ከአንድ መምህራችን ጋራ ሦስት ሆነን ወደ ገበያ ወጣን። ቀለሙን አላየንም። መሣሪያውን እንደ ጠመንጃ ዐይናችን ድረስ አንሥተን የአንገቱን ቀጥነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከትን፤ እያንዳንዱን ፍሬት ተጭነን የሚንጫረር መኖሩን አዳመጥን። ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ክሩን ለሁለት የሚከፍል ስለ ሆነ፣ እዚያ ላይ ሲጫኑት የባዶው ክር ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት፤ ይህንም በአራቱም ክሮች ሞከርን። መቃኛዎቹን ካጠበቅን በኋላ ሩብ ሰዓት ተጫውተን ቅኝቱ እንዳለ መቆየቱን አየን። ሦስት መሣሪያ መለስን፤ ከነዚህ አንዱ ከሁሉ ውድ የነበረው ነው። አራተኛው ከሌላ ሰው እጅ የመጣ፣ ጠርዙ የተላጠ፣ አንገቱ በአራት ብሎን የታሰረ ነበር። ከዋጋው በተረፈው ገንዘብ አሮጌ የቤዝ ማጉያ ጨመርን። የታናሽ ክፍል ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ቀን እየተፈራረቁ ይማሩበታል፤ የተላጠውን ጠርዝ ቀለም እንቀባው ያሉ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ግን ጊዜ ያገኘ የለም።