ዊልያም ማክራከን፦ ከመጀመሪያው የአብራሪነት ፈቃድ እስከ ሰነዶቹ ክርክር

ዊልያም ፓተርሰን ማክራከን (እ.ኤ.አ. 1888–1969) በአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ታሪክ በሁለት ነገሮች ይታወሳሉ፤ የፌዴራሉ መንግሥት የሰጠውን የመጀመሪያ የአብራሪነት ፈቃድ በመቀበላቸው፣ እንዲሁም ለምርመራ ከተፈለጉ ሰነዶች ጋር በተያያዘ በመታሰራቸው። ሁለቱ ተጣምረው ሲታዩ የመንግሥት ቁጥጥር ጥንካሬ የሚለካው ከፈቃዱ በስተጀርባ ባለው መዝገብና ያንን መዝገብ ለምርመራ በማቅረብ ግዴታ መሆኑን ያሳያሉ።

ማክራከን በቺካጎ ተወልደው በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የበረራ አስተማሪ ሆነው ካገለገሉ በኋላ ወደ ጥብቅና ሙያ ተመልሰው፣ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የአየር ሕግ ኮሚቴን መሩ። በዚያ ዘመን ከጦርነቱ የተረፈ አውሮፕላን በርካሽ የገዛ ሰው ችሎታው ሳይመረመር ተሳፋሪ ጭኖ ሊበር ይችል ነበር። የአሜሪካ ኤሮ ክለብ ለአብራሪዎች የምስክር ወረቀት ቢሰጥም፣ እሱን መያዝ የፌዴራል ሕግ ግዴታ አልነበረም። አንዳንድ ክፍላተ ግዛት ያወጧቸው ሕጎችም ከየወሰናቸው አያልፉም ነበር።

ማክራከን በረቂቁ ዝግጅት የተሳተፉበትን የአየር ንግድ ሕግ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1926 ፈረሙበት። ሕጉ አብራሪዎችን የመፈተን፣ አውሮፕላኖችን የመመዝገብና የበረራ ደንብ የማውጣት ሥልጣንን ለንግድ ሚኒስቴር ሰጠ። ማክራከንም በዚያው ዓመት በሚኒስትሩ በኸርበርት ሁቨር ሥር የአቪዬሽን ረዳት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በዓመቱ መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ከአመልካቹ የጤና ምርመራ፣ የዕውቀት ፈተናና የበረራ ፈተና ይጠይቅ ነበር። ቁጥር 1 የሆነው ፈቃድ ለኦርቪል ራይት እንዲሰጥ ቢታሰብም፣ ራይት መብረር አቁመው ስለነበር አልተቀበሉትም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1927 ለማክራከን ተሰጠ። በዚህ መንገድ የቁጥጥሩ ኃላፊ በቁጥጥሩ መዝገብ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኑ።

ሕጉ መንግሥት የአደጋዎችን መንስኤ መርምሮና መዝግቦ ለሕዝብ እንዲያሳውቅም ያዝዝ ነበር። በተግባር ግን ቢሮው አጠቃላይ አኃዞችን ሲያወጣ የእያንዳንዱን አደጋ ዘገባ ለመግለጽ ያመነታ ነበር፤ ዘገባው በካሳ ክርክር ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ሥጋት ነበረና። ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ማሻሻያ ይፋዊ ምርመራ የማካሄድ ሥልጣንን ሲያጠናክር፣ ዘገባዎቹ በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዳይሆኑ ከለከለ።

ማክራከን እ.ኤ.አ. በ1929 ሥልጣናቸውን ለቀው የአየር መንገዶች ጠበቃ ሆኑ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በሴናተር ሁጎ ብላክ መሪነት የአየር ፖስታ ውሎችን ሲመረምር፣ በቢሯቸው ያሉትን ሰነዶች እንዲያቀርቡ አዘዛቸው። እሳቸው በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለውን ምስጢር ጠቅሰው ተከራከሩ። በዚህ መሐል የደንበኞቻቸው ወኪሎች ከቢሮው ሰነዶችን ወሰዱ፤ የተወሰኑትም ተቀዳደው ተጣሉ። መርማሪዎች ቁርጥራጮቹን ከቆሻሻ ወረቀት ለቅመው ገጣጠሟቸው። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ሥልጣኑን በመድፈር የአሥር ቀን እስራት ፈረደባቸው። ማክራከን ድርጊቱ ያለፈ በመሆኑ ምክር ቤቱ ሊቀጣ አይችልም ሲሉ ቢሟገቱም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1935 ምክር ቤቱ ያለፈንም ድርጊት የመቅጣት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። እሳቸውም ቅጣታቸውን ፈጸሙ።

ያቋቋሙት የቁጥጥር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ ራሱን የቻለ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ተሸጋገረ። የማክራከን ታሪክ ለተቋማት ጥናት የሚያበረክተው ግንዛቤ፣ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣንና ሰነድ የማስቀረብ ሥልጣን እኩል እንዳላደጉ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ሕግና ደንብ ተመሠረተ፤ ሁለተኛው ግን ማሻሻያ ሕግን፣ የምክር ቤት ምርመራንና የፍርድ ቤት ውሳኔን ጠየቀ።