ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ጽሑፋቸው

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንደኛው ጓደኛችን ተመራማሪ የሚመዘነው በጻፈው ጽሑፍ ብዛት ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ የለም፣ ጽሑፉን ሌሎች ስንት ጊዜ ጠቀሱት ተብሎ ነው የሚቆጠረው አለ። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ዘልቆ ሳይቋጭ ቀረ። እኛ የዛሬው ተረኛ አዘጋጆችም ነገሩን በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይሻላል ብለን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ አቅርበናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት አሜሪካ ሄደው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በዚያው ዓመት ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ ሳሉ ሴቶች ወንዝ ዳር ተቀምጠው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙ። እንዶድ እኮ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ነጠላ የሚያነጡበት ነው! ስንቱ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል፤ ቆም ብሎ የጠየቀው ግን እሳቸው ናቸው።

የቢልሃርዚያ እንቁላል ከታማሚው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሚፈለፈለው ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ካልተራባ ወደ ሰው አይመለስም። ሲወጣ ግን ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ዘገባቸው በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ወጣ፤ ጥቂት ገጽ ነው። የሚገርመው፣ አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ የትኛው ጽሑፍ በማን እንደተጠቀሰ የሚመዘግበውን ትልቅ ማውጫ ማውጣት የጀመረው ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው በታዩበት በ1964 ነው። ማውጫው ግን የሚከታተለው የተመረጡ መጽሔቶችን ነበር። አዲስ አበባ የታተመ ነገር ሩቅ አገር ደርሶ እስኪነበብ ታዲያ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ነገሩ በአፍሪካ ብቻ የሚደርስም አይደለም። የአንጎልን ሕዋሳት ያጠናው ስፔናዊው ራሞን ካሃል በ1888 ግኝቱን በራሱ ገንዘብ ባሳተመው መጽሔት ቢያወጣም በስፔን ቋንቋ ስለነበረ አንባቢ አጣ። በ1889 ናሙናዎቹን ይዞ በርሊን ድረስ ሄዶ ለሊቃውንቱ በዓይናቸው አሳያቸው። በ1906 ከጣሊያናዊው ጎልጂ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ዛሬም ይጠቀሳል።

ወንዝ ግን በሻንጣ ተይዞ አይኬድም። ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ፤ በትንንሾቹ ሕፃናት ደግሞ ከ50 ወደ 7። አሜሪካ ውስጥ የተለየው የእንዶድ ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ጽሑፋቸውን በ1970 በመጽሔቱ አትሟል። ሆኖም ድርጅቱ እንዶድን ለመደገፍ ሲያመነታ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ያዘኑት፣ ሥራው የተጠረጠረው አፍሪካ ውስጥ ስለተሠራ ነው ብለው ነው። እኛ እንደሚመስለን የመርዝነት ምርመራ መጠየቁ ትክክል ነው፤ ሰው የሚጠጣው ውኃ ነውና። ግን ምርመራ እንዲደረግ የጠየቀ ማድረጊያውንም ቢረዳ ምን ነበረበት? በኋላ ምርመራው በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ተካሄደ። በ1989 ዶክተር አክሊሉ፣ ጠንካራውን የእንዶድ ዝርያ ከመረጡት ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዐረፉ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የሽንት ቢልሃርዚያ ከሚታወቅባቸው ጥቂት ቦታዎች፣ ከአዋሽና ከዋቢ ሸበሌ ሸለቆዎች ሌላ፣ አንዱ የኛው ኩርሙክ ነው። አሁን ደግሞ በ2025 ከተመረቀው ከህዳሴው ግድብ ጀርባ ንጋት ሐይቅ ተኝቷል። ጋና ውስጥ የአኮሶምቦ ግድብ በ1965 ካለቀ በኋላ በቮልታ ሐይቅ ዳር ያሉ ልጆች ደም መሽናታቸው በጣም በዝቶ ነበር። ለተማሪዎች የሚታደለው ክኒን በሽተኛውን ያድናል፤ ቀንድ አውጣውን ግን አይነካም፣ ልጁም ተመልሶ ሲዋኝ እንደገና ሊያዝ ይችላል። እንዶድን ሐይቅ ላይ እንበትን እንዳንል ዓሣም ይገድላል፤ በንጋት ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎች አሉ። የሚሆነው ለትንንሽ ጅረት ነው። እሱም ደጋና ወይና ደጋ ስለሚወድ ለቆላው ኩርሙክ ፍሬው ደርቆና ተፈጭቶ ከላይ መውረድ አለበት።

ከመካከላችን ወደ ኩርሙክና ወደ ጉባ የሚመደብ አይጠፋም። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በክፍላችን ጠይቀን ነበር፤ ብዙዎቻችን እንዶድን በስም እንጂ በዓይን አናውቀውም፣ ያደግነው በሳሙና ነው። ቅጠሉን የምታውቁ ይዛችሁልን ብትመጡ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ እንሰቅለዋለን።