የሴባስቶፖል ዋጋ

ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. በቋራ ተወለዱ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ዘመቻዎቻቸውን የማያውቅ ተማሪ ስለሌለ እርሱን አልፈዋለሁ። እኔን ያሳሰበኝ መድፋቸው ነው፤ ይኸውም የአንድ ፈጠራ ዋጋ በምን ይለካል የሚለው ጥያቄ ነው።

የኢኮኖሚ ሊቃውንት ለዚህ አንድ ዘዴ አላቸው። በቴዎድሮስ ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ በ1852 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት፣ የፈጠራ ባለቤት መብቱ እንዲጸናለት በሦስተኛው ዓመት 50፣ በሰባተኛው ዓመት 100 ፓውንድ ይከፍል ነበር። የከፈለ ሰው ፈጠራው ከክፍያው የበለጠ እንደሚያስገኝለት አምኗል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ ከክፍያው ተነሥተው ዋጋውን ይገምታሉ። በእኛ አገር የፈጠራ አዋጅ የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነውና መዝገብ ብቻ ብንቆጥር የቴዎድሮስ ዘመን ባዶ ነው።

ነገሩ ግን ባዶ አልነበረም። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የግብጾች መድፍ የወጣቱን ካሣን ጦር ፈታው። ከዚያ ወዲህ መድፍ ከልባቸው አልወጣም። ከነገሡ በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሰዎቹ ወንጌል ልናስተምር መጣን እንጂ ይህን አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ሞክረው ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ሆነ። አብረዋቸው እሳት ያነደዱትንና ብረት ያቀለጡትን ያገራችንን ልጆች ስም ግን የጻፈልን የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ይገመታል።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተነሡ። ጨጨሆን በእግሩ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። መንገድ አልነበረምና ወታደሩ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደል እየናደ መንገድ አወጣ፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ተሸከሙ። ጉዞው አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ። ያ ሁሉ ሠራዊት የበላው የገበሬውን እህልና ከብት ነው። የሊቃውንቱ ዘዴ ከፋዩ ባለቤቱ ራሱ ነው ብሎ ይነሣል፤ የሴባስቶፖልን ክፍያ ግን የከፈለው የበጌምድር ገበሬ ነው፤ እርሱን ይጠቅምሃል ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በእኔ አስተያየት የንጉሡ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ብልሃት የሚወድ ልባቸውን ብናደንቅም ይህን ልንሸፍነው አይገባም።

በሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ጦርነት ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። መንገዱ ግን ሠርቷል፤ የናፒየር ጦር የዥጣን ገደል ወርዶ የወጣው ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባስጠረቡት መንገድ ነው። ይህን ጥቅም በየትኛው ሒሳብ እንደምናገባው አላውቅም።

ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።