ዮሐንስ ቡንያንና ጥቂቶቹ መጻሕፍቱ

ብዙ ሰዎች ዐዋቂ ለመሆን ብዙ መጻሕፍት ማከማቸት የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል። ነገር ግን መጽሐፍ ሰውን የሚጠቅመው ወደ ልቡ በገባው መጠን ነው እንጂ በቍጥሩ ብዛት አይደለም። ይህም ነገር ከእንግሊዛዊው ጸሐፊ ከዮሐንስ ቡንያን ሕይወት ይታወቃል።

ቡንያን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1628 ዓመት በቤድፎርድ ከተማ አጠገብ ኤልስቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የተሸነቈረ ድስትና ምጣድ እየጠገነ የሚኖር ድኻ ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ ማንበብና መጻፍ ይማር ዘንድ ወደ ትምህርት ቤት ሰደደው። ልጁም ብዙ ሳይማር ወደ አባቱ ሥራ ተመለሰ። በዚያ ዘመን የሚወደው ንባብ በርካሽ የሚሸጥ የጀግኖች ተረት ነበረ፤ የሳውዝሃምፕተኑ ቤቪስ ያደረገውን ጦርነት የሚናገረው ታሪክ ደስ ያሰኘው ነበረ። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ያን ጊዜ አልጣመውም።

ጥቂት ዘመን ወታደር ሆኖ ከተመለሰ በኋላ አገባ። ባልና ሚስቱ እጅግ ድኾች ስለ ነበሩ ሳሕንና ማንኪያ እንኳ አልነበራቸውም። ሚስቲቱ ግን ከአባቷ የቀሩላትን ሁለት የመንፈሳዊ ምክር መጻሕፍት ይዛ መጣች፤ አንዱን አርተር ዴንት፥ ሁለተኛውን ሉዊስ ቤይሊ የጻፉአቸው ናቸው። እነዚህን ከእርስዋ ጋራ ሲያነብ ልቡ ይነቃ ጀመር።

አንድ ቀንም በቤድፎርድ ሥራውን ሲሠራ ድኾች ሴቶች በደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ ስለ እግዚአብሔር ሲነጋገሩ ሰማ። ንግግራቸው ከልብ የሚወጣ ስለ ነበረ ተደነቀ። ከዚያም ማርቲን ሉተር የጻፈው የገላትያ መልእክት ትርጓሜ በእጁ ገባ። መጽሐፉ ከማርጀቱ የተነሣ ሲገልጡት ሊበታተን ይደርስ ነበረ። ቡንያን ግን የገዛ ራሱን ጭንቀት በውስጡ ተጽፎ ስላገኘው፥ ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር ከመጻሕፍት ሁሉ አብልጦ ወደደው።

በ1660 ዓመት በመስበኩ ምክንያት ታሰረ። መስበክን እተዋለሁ ብሎ ቃል ቢሰጥ ይፈቱት ነበረ። በቤቱ ሁለተኛይቱ ሚስቱ ኤልሳቤጥና አራት ልጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዲቱ፥ ማርያም የምትባለው፥ ዕውር ነበረች። የእርስዋ ነገር ከእስራቱ ይልቅ ያስጨንቀው ነበረ፤ ሆኖም ኅሊናውን ሊሸጥ አልወደደም። የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ቤተ ሰቡን እየረዳ 12 ዓመት ያህል በወኅኒ ኖረ። በዚያም መጽሐፍ ቅዱስንና ዮሐንስ ፎክስ የጻፈውን የሰማዕታት ታሪክ ደጋግሞ አነበበ፤ የመጽሐፍ ቅዱስም ቃል የአፉ ቋንቋ እስኪሆን ድረስ ከልቡ ተዋሐደ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሌላ መጽሐፍ ሲጽፍ ሳለ ወደ ሰማያዊት ከተማ የሚጓዝ የአንድ መንገደኛ ታሪክ በአሳቡ መጣ። አሳቡ አሳብን እየወለደ በዛበትና ለብቻው ጻፈው። ለወዳጆቹ ባሳያቸው ጊዜ አንዳንዶቹ አሳትም፥ አንዳንዶቹ አታሳትም አሉት፤ እርሱም በ1678 ዓመት አሳተመው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መንገደኛው ከአጶልዮን ጋራ ይዋጋል፤ ተስፋ መቍረጥ በሚባል ግዙፍ ሰው እጅም ይወድቃል። በልጅነቱ ያነበበው የጀግኖች ተረት፥ የሴቶቹ ቀላል ንግግር፥ የሰማዕታቱ ትዕግሥት፥ በወኅኒም ያገኘው መከራ በአንድነት ለመልካም ነገር ዋሉ። መጽሐፉ ደራሲው በሕይወት ሳለ 11 ጊዜ ታተመ፤ ከዚያም ወደ ብዙ ቋንቋ ተመለሰ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም በአማርኛ ታተመ።

ቡንያን በ1688 ዓመት በሎንዶን ዐረፈ። የነበሩት መጻሕፍት በአንድ ትንሽ መደርደሪያ የሚያልቁ ነበሩ። እንግዲህ ተማሪ ሆይ፥ መጽሐፍ አነሰኝ ብለህ አትዘን። ያለህን አንድ መጽሐፍ በትጋት አንብብ፤ ያነበብከውንም በሥራህ ኑርበት። ጥቂት ዘር በመልካም መሬት ሲወድቅ ጎተራ ይሞላልና።